ተረካቢ ያልመጣለት ባሕረኛ

ጋሼ ምንችል ማረፉን የነገረኝ የባጃጅ ሹፌር ነው። ቀኑ የዳንግላ ገበያ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ መብራት ስለጠፋ የኤሌክትሪክ ወፍጮዎቹ ደንበኞች ሁሉ ወደ እኛ የናፍጣ ወፍጮ ዞረው፣ ቤቱ አፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ሹፌሩ በር ላይ ቆሞ አፉ ሲንቀሳቀስ አየሁት እንጂ ከሞተሩ ጩኸት የተነሳ አልሰማሁትም። ቀረብ ብሎ በጆሮዬ፣ "ወንድምህ አርፏል፤ ቶሎ ና ብለዋል" አለኝ።

አልሄድኩም።

ሞተሩ እየሠራ ነበር። በወፍጮው አፍ ውስጥ ከገጠር የመጡ የአንዲት እናት ዳጉሳ በግማሽ ወርዷል። አብሮኝ የሚሠራው ይበልጣል ናፍጣ ሊገዛ ማደያ ሄዶ ነበር። እሱ እስኪመለስ ቆምኩ። እየፈጨሁ ቆምኩ። ማልቀሴን ያወቅሁት ፊቴ ላይ ያለው ዱቄት ሊጥ ሲሆን ነው።

ወሬው ከሹፌሩ ወደ ሴቶቹ ለመድረስ ጊዜ አልወሰደበትም።

"ኧረ በሥላሴ! ወንድሙ ሞቶ ይፈጫል!"

"አጥፋው እንጂ፣ አንተ ልጅ!"

የዳጉሳዋ ባለቤት ክንዴን ይዘው፣ "የእኔ ይቅር ልጄ፤ እንዲሁ ይዤው እሄዳለሁ። ሂድ፣ ወንድምህን አልቅሰው" አሉኝ።

"ተረካቢዬ አልመጣም፣ እማማ" አልኳቸው። ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባቸውም።

ማጥፋትማ ይቻላል። አንድ እጀታ መሳብ ነው። ግን አልሳብኩትም። ይበልጣል ጀሪካኑን ተሸክሞ ሲገባ ሁሉን ነግሬው፣ እሱም ተቀብሎኝ፣ ከዚያ በኋላ ሮጥኩ። ቤት ስደርስ ድንኳኑ ተተክሏል። የእድራችን ዳኛ አያ ታዬ ሰው ፊት፣ "ያሳደገህ ሰው እኮ ነው! ለአንድ ቁና ዳጉሳ ነው የቀየርከው?" አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ። መልስ ነበረኝ፤ አፌ ላይ አልመጣ አለ። እኔ ስናገር ቃል ያጥረኛል። ትምህርቴም ከአሥረኛ ክፍል አላለፈም። ስለዚህ በጽሑፍ ልሞክር ብዬ ነው።

ከጋሼ ምንችል ጋር የምንገናኘው በአባት ነው። የእሱ እናት ሲሞቱ አባታችን እናቴን አገቡ። እኔ ስወለድ እሱ ባሕር ኃይል ገብቶ፣ አገልግሎ፣ ደርግም ወድቆ ተመልሷል። አባታችን ሲሞቱ እኔንም እናቴንም የያዘን እሱ ነው። ሚስት አላገባም። "ምነው?" ሲሉት "ተረኛ ነኝ" ይላል። ሰው ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር።

ቁመቱ አጭር፣ ደረቱ ሰፊ ነበር። ሲራመድ እግሮቹን ከፈት አድርጎ ነው። የዳንግላ መሬት ሜዳ ነው፤ እሱን ያየ ግን መሬቱ የሚወዛወዝ ይመስለዋል። አንዱ ጆሮው በሞተር ጩኸት ስለተጎዳ ጮክ ብሎ ነው የሚያወራው፤ ምሥጢር የሚባል ነገር አይችልም። ብረት ያየ እንደሆነ ሳይነካ አያልፍም። የቤተ ክርስቲያን አጥር ይሁን፣ የጋሪ ጎማ ይሁን፣ በጣቱ አንጓ ኳ ኳ ያደርግና ያዳምጣል። "ይሄ ቀጥኗል" ካለ ቀጥኗል።

ጋሪ ነጂዎቹ "ካፒቴን" ነበር የሚሉት፤ ለፌዝ።

"ካፒቴን! ዛሬ ማዕበሉ እንዴት ነው?"

"ማዕበሉስ ደህና ነው፤ ፈረስህ ግን መልሕቅ ጥላለች" ይላል፤ ፈረሷ መንገድ መሐል ሽንቷን ልትሸና ቆማ ከሆነ።

ባሕር በሌለበት አገር ባሕረኛ መሆን እንዲህ ነው። ሲመለስ አባታችን ራሳቸው አላመኑትም አሉ። "ማዶው ምን ይመስላል?" ብለው ጠየቁት። "ማዶ የለውም አባባ" አላቸው። "ማዶ የሌለው ውኃ እንዴት ያለ ነው? በል ተወው፤ ደክሞሃል፣ ተኛ" አሉት። ወፍጮ ቤት የቀጠሩት ባለወፍጮው ሐጂ ኑሩ ብቻ ነበሩ ያመኑት። "መርከብ ያስነሳ ሰው ወፍጮ አያቅተውም" ብለው በዚያው ቀን አስገቡት።

መርከብ ሲባል ሰው የሚጠብቀው መድፍ ነው። እሱ የሚያወራው ስለ ዝገት ነበር። መርከቧ ተዋጊ አልነበረችም፤ ለተዋጊዎቹ ትናንሽ ጀልባዎች ነዳጅ፣ ውኃ፣ ዳቦና ጥይት የምታደርስ ነበረች። ጀልባዎቹ ጎኗ ላይ እየተለጠፉ፣ ጠጥተው፣ በልተው ይሄዳሉ። "እንደ ላም ናት" ይለኛል፣ "ጥጆቿ ሲዋጉ እሷ ቆማ ትጠብቃለች።" የተሠራችው በፈረንጅ አገር፣ አባታችን ሳያገቡ ነው። የእኛ ስትሆን አርጅታ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሁሉም መዶሻ ይዞ ዝገት ያራግፋል፣ ከሥር ቀይ ቀለም፣ ከላይ ግራጫ ቀለም ይቀባል። በሚቀጥለው ሳምንት ዝገቱ በሌላ በኩል ይወጣል። "ያቺን መርከብ ያቆማት ብረቱ እንዳይመስልህ፤ ቀለሙ ነው" ይልና ይስቃል።

ሆዷ ሙሉ ንጹሕ ውኃ ነው፤ ግን የጀልባዎቹ ነው። ለራሳቸው በኩባያ እየተለካ ይሰጣቸዋል። ገላቸውን በጨው ውኃ ይታጠባሉ፤ ሳሙናው አረፋ አይሰጥም። "ውኃ ተሸክሞ ውኃ የጠማው ሰው አይተህ ታውቃለህ? እኔ ነኝ" ይለኝ ነበር። እስኪሞት ድረስ ከብርጭቆ የተረፈ ውኃ ሲደፋ አላየሁትም። ወይ ይጠጣዋል፣ ወይ አንድ ተክል ሥር ያፈሰዋል።

የእሱ ቦታ ከታች፣ ሞተር ክፍል ነበር። ሁለት ሞተር አላት፤ የግራው ይሞቃል። ከኋላ፣ ከውኃው በታች፣ መቅዘፊያውን የሚያሽከረክረው ዘንግ ከመርከቧ በሚወጣበት ቀዳዳ በኩል ባሕሩ ይገባል። ሁልጊዜ ይገባል። ያንን የሚስብ ፓምፕ አለ፤ ፓምፑ ከቆመ መርከቧ ቀስ እያለች ትሰጥማለች። ጋሼ ምንችል የዚያ ፓምፕ ጠባቂ ነበር። ጎንደሬው፣ ጎጃሜው፣ ወለጌው፣ ሁሉም ከላይ በሰላም ሲተኛ፣ ከታች አንድ ሰው ፓምፕ ይጠብቃል። ይህን ሲነግረኝ ድምፁ እንደ ልማዱ አይጮህም።

እዚያ ታች አንድ ሕግ ነበራቸው። ተረኛ ተረካቢው ሳይመጣ ቦታውን አይለቅም። ተረካቢው ሲመጣ "ምን አለ?" ይላል። ተረኛው ያለውን ሁሉ ይነግረዋል። ተረካቢው የተነገረውን ራሱ ደግሞ ይናገራል፣ ከእጁ ብሎን የሚፈታበትን የብረት ቁልፍ ይቀበላል፣ ከዚያ "ተረክቤያለሁ፤ ውጣ" ይለዋል። ይህ ቃል ሳይባል መሰላሉን መርገጥ የለም። ታመምክም፣ አለቀስክም፣ የለም።

እኔ አሥረኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር ወፍጮ ቤት ያስገባኝ እሱ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሞተሩን ሊሰጠኝ ቆመ።

"ምን ተረከብክ?" አለኝ።

"ወፍጮ።"

"ወፍጮ ምን?"

"ወፍጮ ነዋ፣ ጋሼ።"

"አላስረከብኩም" ብሎ ተመልሶ ቆመ። ምሳው ቀዘቀዘ። ሴቶቹ ይስቁብኛል። ዘይቱን አይቼ፣ የሞተሩን ቀበቶ፣ ቺንጋውን ነክቼ፣ ውኃው ምን ያህል እንደሞቀ፣ በወፍጮው አፍ ያለው የማን እህል እንደሆነ ጠይቄ እስክነግረው ድረስ አልሄደም። የእህሉን ባለቤት ስም ስረሳ ደግሞ አስጀመረኝ። "እህል ስም አለው" አለኝ። "ስሙን ካላወቅህ የተረከብከው ዱቄት ነው፤ ሰው አልተረከብክም።"

እሱም ደስ ሲለው፣ ወፍጮውን ካስረከበ በኋላ የመርከቧን ይጨምርበታል። ሁልጊዜ አንድ ነው፤ አሮጊት ስለነበረች ሕመሟ አይለወጥም። "ዘይት ሙሉ ነው። የቀኙ ሞተር ደህና ነው። የግራው ይሞቃል፤ አታስጨንቀው። በስተኋላ ውኃ ይገባል፤ ፓምፑ ይስባል።" ሳላውቀው በቃሌ ያዝኩት። ባሕር አይቼ አላውቅም፤ የዚያችን መርከብ ሕመም ግን እንደ እናቴ ቁርጥማት አውቀዋለሁ።

ቁልፉም ነበር። ከመርከቧ ያመጣው ነገር እሱ ብቻ ነው፤ የክንድ ያህል፣ ከባድ፣ መያዣው በሰው እጅ የለሰለሰ። ወፍጮ ቤት ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። መጠኑ የድሮ የፈረንጅ ስለሆነ በእኛ ሞተር ላይ የሚገጥምለት አንድ ብሎን እንኳ የለም። ይበልጣል አንድ ጊዜ፣ "ጋሼ፣ ይሄን ቁልፍ ለምን ለቁራሊዮ አንሰጠውም?" ብሎት ነበር። ጋሼ ምንችል አልተቆጣም። "የእኔ አይደለም" ብቻ አለው።

አሁን ጋሪ ነጂዎቹ ማፌዝ ያቆሙበትን ቀን ልጻፍ። ክረምት ነበር፤ ገበያ። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለችው ወንዝ በረዶ ቀላቅሎ ከዘነበ በኋላ ሞልታ በኋላው በር ገባች። የሰው ጆንያ ሁሉ መሬት ላይ ነው። ሴቶቹ ኡኡ አሉ። እያንዳንዱ የራሱን እህል ሊያወጣ ወደ በሩ ተጋፋ፤ በሩ በሰው ተዘጋ፤ ማንም መውጣት አልቻለም። ውኃው ቁርጭምጭሚት አለፈ።

ጋሼ ምንችል ሞተሩ መሠረት ላይ ወጣ።

"ቁም!" አለ።

ያንን ድምፅ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ሁሉም ቆመ። ጋሪ ነጂዎቹ ውጭ የነበሩት እንኳ ቆሙ።

"የራሱን ጆንያ የሚነካ የለም! የጎረቤቱን ያንሳ! ወደ ላይ፣ ወደ ሞተሩ! አንተ ባለጋሪ፣ ባልዲ አምጣ! እማማ፣ እርስዎ በዚህ ይቁሙ፤ ባልዲው ሲመጣ ለእሷ ይስጡ፤ ወደ ኋላ አይዩ!"

በአንድ ደቂቃ ሰው ሁሉ ከኋላ በር እስከ መንገዱ ተሰለፈ። ባልዲ፣ ድስት፣ ቁና፣ የጋሪ ፈረስ መጠጫ፣ ያለው ሁሉ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። እሱ ከላይ ሆኖ በመዶሻ ብረት ይመታል፤ በምቱ ልክ ባልዲው ያልፋል። ሲዘገዩ ያፈጥነዋል። ሲደክሙ ይቀልዳል፤ "ባለጋሪ፣ መልሕቅ ጣልክ እንዴ?" ሴቶቹ እያለቀሱ ይስቁ ነበር። ከገባው ውኃ ይልቅ የወጣው በለጠ። ዝናቡም አባራ። አንድም ጆንያ አልረጠበም አልልም፤ የረጠበ አለ። የጠፋ ግን የለም።

ፊቱን አየሁት። ያን ያህል ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ሁሉ ሲያልቅ ያ ባለጋሪ ከወገቡ በታች ጭቃ ሆኖ መጣና ኮፍያውን አውልቆ፣ "ካፒቴን" አለው። ቃሉ ያው ነው፤ አባባሉ ግን ሌላ ነበር።

"ካፒቴን አይደለሁም" አለ ጋሼ ምንችል። "ፓምፕ ነኝ።"

ከዚያ ሁለት ክረምት አልፎ ሰውነቱ ማበጥ ጀመረ። እንጅባራ ሆስፒታል ወሰድኩት። ሐኪሙ በትህትና ኩላሊቱ በጣም እንደደከመ ነገረን። ጋሼ ምንችል ትንሽ አሰበና፣ "ፓምፑ ነው አትለኝም?" አለው። ሐኪሙ ሳቀ፤ በኋላ ደግሞ አልሳቀም።

ስንወጣ፣ "ዘንገናን አሳየኝ" አለኝ። ሐይቁ ከእንጅባራ ሩቅ አይደለም፤ በሚኒባስ ሄድን። ዙሪያውን ዛፍ ነው፣ ውኃው ጥልቅና ዝም ያለ። ከፍ ካለው ላይ ተቀመጥን።

"ይቺ ድምፅ የላትም" አለ።

"ባሕሩ ይጮሃል?"

"አያርፍም።" ከዚያ ሳልጠይቀው ነገረኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገረኝ።

በደርግ የመጨረሻ ቀናት ወደቡ ከኋላቸው እየነደደ ወጡ። መርከቧ ወታደር፣ የወታደር ሚስት፣ ሕፃን፣ ቁስለኛ ተጭኖባት ከአቅሟ በላይ ሆና ነበር። የግራው ሞተር ጋለ። ውኃው ከልክ በላይ ገባ። እሱ ከፓምፑ አልተነሳም። ተሻግረው ሰው አገር ወደብ ደረሱ። የአገሩ ታጣቂዎች ሁሉም ይውረድ አሉ። ከላይ የሰዉ ኮቴ ሲሄድ፣ ሲሄድ፣ ሲሄድ ይሰማዋል፤ ከዚያ ዝም አለ። እሱ ተረካቢውን ይጠብቃል። መኮንኑ በመሰላሉ አፍ ጎንበስ ብሎ ጮኸ።

"ምንችል! ውጣ! አለቀ!"

"ተረካቢ አልመጣልኝም፣ ጌታዬ!"

"ምን ተረካቢ! አገር የለም፣ አንተ ተረካቢ ትላለህ! ውጣ!"

ሁለት ታጣቂዎች ወርደው ጎትተው አወጡት። ቁልፉ እጁ ላይ ነበር። ፓምፑ እየሠራ ነበር።

"ካምፓችን ከወደቡ በላይ ነበር" አለኝ። "መርከቧ ትታየኛለች። ፓምፑ የሚስበው ውኃ ከጎኗ በቀዳዳ ይወጣል፤ እንደ ምንጭ። እሱን አያለሁ። ሌላው ዳቦ ሲጠብቅ እኔ እሱን አያለሁ። እስከወጣ ድረስ በሕይወት አለች። አንድ ጠዋት ስነሳ አይወጣም።"

"ሰጠመች?"

"አላውቅም። በዚያው ቀን ወደ ሌላ ካምፕ ወሰዱን።" ፊቱን ወደ ሐይቁ መለሰ። "ያቺን መርከብ ማንም አልተረከበኝም። እኔ እስካሁን ተረኛ ነኝ።"

ይዤው ወደ ዳንግላ ተመለስኩ። ሚስት ያላገባው፣ ከወፍጮው ያልተለየው፣ ሞተሩ ዝም ሲል እንቅልፍ የሚያጣው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ዕድሜውን ሙሉ ከመሰላሉ ሥር ቆሞ ነበር።

ለሕክምና ባሕር ዳርም ሄድን። ተመለስን። ሰውነቱ እያደር ከበደ። በዚያ በገበያው ዕለት፣ ጎሕ ቀዶ ፀሐይ ከወጣ በኋላ፣ ወደ ሥራ ልሄድ ልሰናበተው ገባሁ። ቁልፉን ቀደም ብዬ ከወፍጮ ቤት አምጥቼለት ነበር፤ ብርድ ልብሱ ላይ፣ በእጁ ይዞታል። ጣቶቹ አብጠው መያዣው አይታይም። ትንፋሹ አጭር ነው። ዓይኑ ግን ንቁ ነው፤ በሩን በሩን ያያል። ማንን እንደሚጠብቅ ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁ። እናቴ አጠገቡ ነበረች፤ እሷ ፊት አፈርኩ። ከዚያ ማፈሬን ተውኩት።

አልጋው ሥር ቆምኩና፣ "ምን አለ?" አልኩት።

አየኝ።

"ዘይት ሙሉ ነው" አለ። ድምፁ ከውስጥ ነው የሚመጣው። "የቀኙ ሞተር ደህና ነው። በስተኋላ ውኃ ይገባል... ብዙ ይገባል። ፓምፑ ይስባል።"

እኔ ደገምኩለት። "ዘይት ሙሉ ነው። የቀኙ ሞተር ደህና ነው። የግራው ይሞቃል፤ አላስጨንቀውም። በስተኋላ ብዙ ውኃ ይገባል። ፓምፑ ይስባል።"

የግራውን እሱ ረስቶት ነበር። ስጨምረው ከንፈሩ ፈገግ አለ።

"ከላይስ?" አለኝ። ይህ በቃሌ ከያዝኩት ውስጥ አልነበረም። ደነገጥኩ። ከዚያ ዘንገና ላይ የነገረኝ ትዝ አለኝ።

"ከላይ ሰው ነው" አልኩ። "ሴቶች፣ ሕፃናት፣ ቁስለኞች። ሁሉም ደርሷል፣ ጋሼ።"

እጁን አነሳ። ቁልፉን ተቀበልኩ፤ ሙቀቱ አለበት።

"ተረክቤያለሁ" አልኩት። "ውጣ።"

ዓይኑን ጨፈነ። የሞተ መስሎኝ ነበር፤ ግን ትንሽ ቆይቶ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ በለመድኩት በሚጮኸው ድምፁ፣ "ምን ትቆማለህ? ገበያ ነው። ሰው ቆሞ ይጠብቃል" አለኝ።

ሄድኩ። ቀትር ላይ ባጃጁ መጣ።

አያ ታዬ፣ ነገሩ ይህ ነው። ለአንድ ቁና ዳጉሳ አልቀየርኩትም። በጠዋት ተረክቤው በቀትር ጥዬ መሮጥ አቃተኝ። የዳጉሳዋ ባለቤት ስም እማማ ጥሩነሽ ነው፤ ያን ቀን ጠይቄያቸው ነበር።

ቁልፉ ወደ ግድግዳው ተመልሷል። አሁንም የሚገጥምለት ብሎን የለም። ትናንት ማታ ፈረቃዬን ስጨርስ ይበልጣል መጣ።

"ምን አለ?" አለኝ።

"ዘይት ሙሉ ነው። ቺንጋው ትንሽ ላልቷል። በወፍጮው ያለው የአቶ ደመቀ ገብስ ነው።" ርክክቡ እዚህ ማለቅ ነበረበት፤ አላልቅ አለኝ። "የግራው ሞተር ይሞቃል። በስተኋላ ውኃ ይገባል፤ ፓምፑ ይስባል።"

ይበልጣል ቀልደኛ ነው፤ አልቀለደም። ቺንጋውን ነካ፣ ዘይቱን አየ፣ አንድ በአንድ ደገመልኝ፤ የመርከቧንም ደገመ። ቁልፉን ከግድግዳው አውርዶ በእጁ ያዘ።

"ተረክቤያለሁ" አለኝ። "ውጣ።"